ሞሐመድ ራፊ ለእያንዳንዱ ተዋናይ የተለየ ጉሮሮ ነበረውን?

ሸክላ ሰብሳቢ

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ የህንድ ፊልም ዘፋኞች በተነሡ ቁጥር «ራፊ ሁሉን ዓይነት ዘፈን ይችል ነበር» የሚለው አባባል እንደ ሰላምታ ይደጋገማል። አባባሉ ስሕተት ባይሆንም የሰውየውን ችሎታ በሚገባ የሚገልጸው አይመስለኝም፤ የፍቅርን፣ የሐዘንን፣ የጸሎትንና የጭፈራን ዘፈን አሳምረው የሚዘፍኑ ሌሎችም ነበሩና። በእኔ ግምት ራፊን ለብቻው የሚያቆመው ድምፁን ያዋሰውን ተዋናይ አነጋገርና አረማመድ፣ አተነፋፈሱን ሳይቀር፣ በዘፈኑ ውስጥ ማስገባቱ ነው። ማስረጃዬን ላቅርብና ተከራከሩኝ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አዲስ ለሆኑ አንባብያን፣ ፕሌይባክ ዘፋኝ የሚባለው በስቱዲዮ ዘፍኖ ሲያበቃ ተዋናዩ በካሜራ ፊት ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስለት ሰው ነው። ይህ አሠራር በህንድ ፊልም የገባው በ1935 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ተዋናይ ለመሆን የፈለገ ሰው ራሱ መዝፈን ነበረበት። ራፊ በ24 ዲሴምበር 1924 በፑንጃብ፣ አምሪትሳር አጠገብ ባለችው ኮትላ ሱልጣን ሲንግ መንደር ተወልዶ፣ አባቱ ፀጉር ቤት በከፈቱባት ላሆር አደገ፤ ከኡስታድ አብዱል ዋሂድ ኻንና ከሌሎች መምህራን የክላሲካል ዜማ ተማረ። በ1944 ቦምቤይ ሲደርስ አሠራሩ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። ስለዚህ ሙያውን የተቀበለው በጅምር ላይ እንዳለ ነው፤ ሌላ ሰው መስሎ መዝፈን ምን ማለት እንደሆነ ከወሰኑት ጥቂት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደ ማስረጃው ልምጣ። ጉሩ ዱት በ1957 የሠራው «ፕያሳ» የተባለ ፊልም አለ (ከእኛ ፒያሳ ጋር ዝምድና የለውም፤ «የተጠማው» ማለት ነው)። በዚህ ፊልም ጆኒ ዎከር የዘይት ጠርሙሱን ይዞ በካልካታ መናፈሻ እየዞረ የሰው ጭንቅላት የሚያሽ ምስኪን ነው፤ ጉሩ ዱት ደግሞ በሕይወት ሳለ ማንም ያልሰማው፣ ሞቷል ተብሎ ሲታመን ግን መታሰቢያ የተዘጋጀለት ባለቅኔ ነው። ለሁለቱም የዘፈነው ራፊ ነው። የአሻሹ ዘፈን ደንበኛ እንደሚጠራ ጉሊት ቸርቻሪ ቃላቱን ያኝካቸዋል፤ ሐረጎቹን ይቆራርጣል፤ በአፍንጫውም በኩል ጥቂት ያሾልካል። ባለቅኔው ወደ ራሱ መታሰቢያ አዳራሽ ገብቶ ከበሩ ላይ ሲዘፍን ግን ድምፁ ከሹክሹክታ ብዙም የማይርቅ ነው፤ ይህች ዓለም ብትገኝስ ምን ትረባለች እያለ ቀስ በቀስ ይከርርና በመጨረሻ አቃጥሉልኝ ብሎ ይጮኻል። የሁለቱም ዜማ ደራሲ ኤስ ዲ በርማን፣ የሁለቱም ገጣሚ ሳሂር ሉዲያንቪ ነው፤ ፊልሙም ዘመኑም አንድ ነው። የተለያየው ሰውየው ብቻ ነው።

የራስ ሲኒማ ደንበኛ

ልጄ ሸክላ ሰብሳቢ፣ ጉዳዩን በዚህ መልክ ማንሣትህ አስደስቶኛል። እኔ መርካቶ ያደግሁ ሰው ስሆን በልጅነቴ የህንድ ፊልም የማየው አንዲት የሂንዲ ቃል ሳላውቅ ነበር፤ ከአጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ ታሪኩን ከራሱ እየፈጠረ ይተረጉምልን ስለነበር ከእርሱ ትርጉም ይልቅ ድምፁን ማመን ለመድኩ። በኋላ ካሴት ገዝቼ ቤት ስሰማ፣ ፊልሙን ሳላየው ይህኛው የተዋናዩ የሻሚ ካፑር ነው፣ ያኛው የተዋናዩ የዲሊፕ ኩማር ነው እያልኩ እወራረድ ነበር፤ ብዙ ጊዜም አሸንፌአለሁ። ዘፋኙ ሁልጊዜ አንድ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ሲነገረኝም አላመንኩም።

በተለይ በ1961 «ጃንግሊ» በተባለው ፊልም ሻሚ ካፑር በበረዶ ላይ እየተንከባለለ «ያሁ!» ብሎ የሚጮኽበትን ዘፈን ያየ ሰው የራፊን ጉልበት አይረሳም። ያ ጩኸት ከዚያ ትሑት ፊት ወጣ ማለት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ቅኝት ተማሪ

ጋሼ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና አንድ ነገር ላርም፤ «ያሁ» የሚለውን ጩኸት ያሰማው ራፊ ሳይሆን ፕራያግ ራጅ የተባለ ሰው ነው። ራፊ የዘፈነው ከጩኸቱ ቀጥሎ ያለውን ነው። እርግጥ ይህ የእርስዎን ሐሳብ አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ጩኸቱና ዘፈኑ ከአንድ ደረት የወጡ እስኪመስሉ ድረስ ራፊ የሻሚን ግለት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚቀበል ያሳያል። ሻሚ ካፑር ራሱ ይተርከው የነበረ አንድ ታሪክም አለ። በ1964 ለወጣው «ካሽሚር ኪ ካሊ» በጀልባ ላይ የሚዘፈነው ዘፈን ሲቀረጽ፣ የማሳረጊያው ሐረግ እየተደጋገመ እንዲሄድለት ይለምናል፤ ዜማ ደራሲው ኦ ፒ ናያር ይረዝማል ብሎ እምቢ ይላል፤ ራፊ ግን ልዝፈነውና ካልወደዳችሁት ትቆርጡታላችሁ ብሎ ያስታርቃቸዋል። ሐረጉን በየድግግሞሹ እያለዋወጠ የዘፈነበት መንገድ ዛሬ የዘፈኑ ዋና ጌጥ ነው።

እኔ ግን ውይይቱ በተዋናዮቹ ላይ ብቻ እንዳይቀር እፈራለሁ፤ ያለ ትምህርት ይህ ሁሉ አይገኝምና። በ1952 የወጣውን «ባይጁ ባውራ» እንውሰድ። የፊልሙ ታሪክ ስለ ክላሲካል ዘፋኞች ፉክክር በመሆኑ ዜማ ደራሲው ናውሻድ እንደ ኡስታድ አሚር ኻን ያሉ የዘርፉን ሊቃውንት ጭምር አዘፍኗል፤ ከእነርሱ አጠገብ ቆሞ የፊልሙን ጀግና ድምፅ መሸከም ለአንድ የፊልም ዘፋኝ ቀላል ሸክም አልነበረም። ራፊ «ኦ ዱኒያ ኬ ራክዋሌ» የሚለውን ዳርባሪ በተባለ ራጋ (የህንድ ክላሲካል የዜማ ሥርዓት) ከታች ጀምሮ፣ በየአንጓው ደረጃ በደረጃ እየወጣ፣ መጨረሻ ላይ አብዛኛው ወንድ ዘፋኝ ድምፁ በሚሰበርበት ከፍታ ላይ ቃሉን ሳያዛባ ያሳርፈዋል። ሲዘፍነው ጉሮሮው ደማ የሚለው ወሬ አፈ ታሪክ መሆን አለበት፤ ዘፈኑን ለሚሰማ ሰው ግን ወሬው ለምን እንደተፈጠረ ግልጽ ነው። (ራጋን ከቅኝት ጋር አንድ አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ የሚቀራረቡበት መንገድ ቢኖርም ራጋ የአወጣጥና የአወራረድ ሥርዓት፣ አንዳንዴም የቀን ሰዓት ያለው ስለሆነ፣ ትዝታን ወይም ባቲን ይዞ በቀጥታ ማመሳሰል አያዋጣም።)

በዚያው ፊልም «ማን ታርፓት ሀሪ ዳርሻን» የሚባል፣ በማልካውንስ ራጋ የተሠራ የሂንዱ መዝሙር አለ። የግጥሙ ደራሲ ሻኪል ባዳዩኒ፣ የዜማው ደራሲ ናውሻድ፣ ዘፋኙም ራፊ፣ ሦስቱም ሙስሊሞች ነበሩ፤ ህንድና ፓኪስታን በደም ከተለያዩ ገና አምስት ዓመታቸው ነበር። ዛሬም ምእመናን የሚዘምሩት ሲሆን፣ አቀራረቡ ላይ የልመናውን ትሕትና እንጂ የዘፋኙን ችሎታ አታገኙበትም። ይኸው ሰው በ1960 «ባርሳት ኪ ራት» በተባለው ፊልም ከማና ዴይ፣ ከአሻ ቦስሌና ከሱዳ ማልሆትራ ጋር ረጅሙን ቀዋሊ ዘፍኗል። ቀዋሊን ለማያውቅ ሰው፣ በጭብጨባና በቅብብል እየጋለ የሚሄድ በመሆኑ የወሎን መንዙማ ያስታውሳል ብዬ ባስረዳው ብዙ አልስትም።

ጥርጣሬ አለኝ

ምስጋናው እንዳለ ሆኖ፣ እዚህ ቤት የሚቃወም ሰው መጥፋት የለበትም። ሸክላ ሰብሳቢ ያቀረቡት ማስረጃ በራሳቸው ላይ የሚመሰክር ይመስለኛል። በዚያው «ፕያሳ» ውስጥ ባለቅኔው በሀብታም ቤት እንግዳ እያስተናገደ የሚዘፍነውን፣ ፍቅርን በፍቅር የተመለሰላቸው ምን ዓይነት ሰዎች ይሆኑ ብሎ የሚጠይቀውን ዘፈን የዘፈነው ሄማንት ኩማር ነው። ራፊ ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ስሜት የሚበቃ ከሆነ፣ ኤስ ዲ በርማን በአንድ ፊልም፣ ለአንድ ተዋናይ ሁለተኛ ድምፅ ለምን አስፈለገው? መልሱ ለእኔ ግልጽ ነው። የሄማንት ድምፅ ወፍራምና ያልተሞረደ በመሆኑ የተሸነፈ ሰው ድምፅ ነው፤ የራፊ ድምፅ ግን ሲያዝን እንኳ ሐዘኑን አሳምሮ ለብሶ የሚወጣ ነው። እጅግ የጠራ መሆኑ አንዳንድ ጊዜ ጉድለት ይሆንበታል።

ሁለተኛ፣ በ1969 «አራድና» ሲወጣ ኪሾር ኩማር ያለ ክላሲካል ትምህርት መጥቶ ሕዝቡን ጠራርጎ ወሰደ። ራፊ በዚያው ፊልም ሁለት የቅብብል ዘፈኖች ቢኖሩትም የሚታወሰው ኪሾር ነው። የተመልካቹ ጆሮ የተቀረጸ ድምፅ ሰልችቶት የጎረቤቱን ልጅ ድምፅ ፈልጎ ነበር ማለት ነው።

ሸክላ ሰብሳቢ

ስለ ሄማንት ኩማር ያነሡት ነጥብ ጠንካራ ነው፤ ሳላስብበት የቀረሁትም ነው። ሆኖም በዚያ ዘመን አንድን ተዋናይ በሁለት ድምፅ ማዘፈን የተለመደ ነበር። ኤስ ዲ በርማን ራሱ በ1965 «ጋይድ» ላይ ለዴቭ አናንድ ራፊንም ኪሾርንም ተጠቅሟል፤ በጨለማ ክፍል ብቻውን ለሚጠጣው ዴቭ አናንድ የተመረጠው ግን ራፊ ነበር። እዚያ ዘፈን ውስጥ ሐዘኑ ያጌጠ ነው ቢሉኝ አልቀበልም፤ ሰውየው እየተናገረ እንጂ እየዘፈነ አይመስልም።

ስለ ኪሾር ግን አንድ የሚያስደስት ነገር ልጨምርልዎ። ኪሾር ኩማር ዘፋኝ ብቻ ሳይሆን ተዋናይም ነበር፤ በ1958 «ራጊኒ» በተባለው ፊልም ክላሲካል ዘፈን ሲያስፈልገው፣ ከንፈሩን ያንቀሳቀሰው በራፊ ድምፅ ነው። ሁለቱን እያጋጨን የምንከራከረው እኛ ነን እንጂ እነርሱ ተከባብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው።

የ1970ዎቹ መጀመሪያ ለራፊ ቀዝቃዛ እንደነበር አልክድም። ይሁንና በ1977 «ሁም ኪሲሴ ኩም ናሂን» ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ኪሾርን ይመርጥ የነበረው ዜማ ደራሲው አር ዲ በርማን፣ የተከዳውን ወጣት ዘፈን ለራፊ ሰጠው። ያን ጊዜ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ከንፈሩን ያንቀሳቀሰው ታሪቅ ደግሞ ጢሙ በቅጡ ያላበቀለ ልጅ ይመስላል። «ክያ ሁዋ ቴራ ዋዳ» የህንድን ብሔራዊ የፊልም ሽልማትና ፊልምፌር ከተባለው የፊልም ሽልማት ስድስተኛውን አስገኘለት። ለሻሚ ካፑር የነበረውን ጩኸትም ሆነ ለዲሊፕ ኩማር የነበረውን ግርማ እዚህ አናገኝም፤ ጊታር ይዞ ትንሽ የሚያፍር ወጣት ነው የምንሰማው።

ከዱባይ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በሙዚቃ ትምህርት የለኝም፤ ነገር ግን እዚህ ታክሲ የሚነዱት ወንድሞች ብዙዎቹ ከፓኪስታንና ከህንድ በመሆናቸው ራፊን የማውቀው በመንገድ ላይ ነው። ላሆር ያደገና ቦምቤይ የሠራ ሰው ስለሆነ ሁለቱም «የእኛ» ይሉታል፤ ማንም ሲከራከርበት ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ወደ ሥራ ስሄድ ነጂው ከፍቶት የነበረውን ዘፈን ትርጉም ጠየቅሁት። በ1968 የወጣ «ኒል ካማል» የተባለ ፊልም ዘፈን ነው፤ አባት ልጁን ድሮ ሲሰድ፣ በምትሄጂበት ቤት ፍቅር ይትረፍረፍሽና የአባትሽ ቤት ትዝ እንኳ አይበልሽ ብሎ ይመርቃታል። ሙሽራ የወላጆቿን ጉልበት ስማ ስትወጣ ያየን ሰዎች ይህን ለመረዳት ሂንዲ አያስፈልገንም። ወንድሜ ጥርጣሬ አለኝ፣ ሐዘኑ ያጌጠ ነው ላሉት በዚህ ዘፈን አልስማማም። ድምፁ እንባውን እየዋጠ ምርቃቱን ለመጨረስ እንደሚታገል አባት ነው። ነጂው መልስ ሳይሰጠኝ ብዙ መንገድ ሄደ፤ በኋላ ሁለት ሴት ልጆች እንዳሉት ነገረኝ።

ቁጥር ይጠቀሳል

በአንዳንድ ጽሑፎች ራፊ 28,000 ዘፈን ዘፍኗል የሚል አነባለሁ። ይህ እውነት ነውን?

ቅኝት ተማሪ

አይደለም፤ ቁጥሩ የመጣው ግን ከራሱ ነው። የጊነስ መጽሐፍ ዘፋኟን ላታ ማንጌሽካርን በብዙ ሺህ ዘፈኖች የዓለም ቀዳሚ ብሎ ሲመዘግብ፣ ራፊ በ1977 ለአዘጋጆቹ ደብዳቤ ጽፎ ተቃወመ፤ ከሞተ በኋላም መጽሐፉ ራፊ 28,000 ዘፈን እንደዘፈነ ይናገር እንደነበር ጠቀሰ። በኋላ የዘፈን ዝርዝር አንድ በአንድ የቆጠሩ ሰዎች ሲመረምሩ የእርሱ ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር ተደምሮ ወደ 5,000 ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ የላታም ከተባለው እጅግ ያነሰ ነበር፤ ጊነስም በ1991 ሁለቱንም አወጣቸው። እኔ በዚህ ጉዳይ ራፊን አልወቅሰውም፤ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ስቱዲዮ እየገባ ለሠላሳ አምስት ዓመት የኖረ ሰው ይቆጥራል ብሎ መጠበቅም አይገባም። ዘፈኑ በአብዛኛው ከሙሉው ኦርኬስትራ ጋር በአንድነት የሚቀረጽበት ዘመን ስለነበር፣ አንድ ሰው ሲሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ 5,000ውን በዚህ ሚዛን ማየት ይሻላል።

የራስ ሲኒማ ደንበኛ

ላታን ካነሣችሁ ዘንድ የተጣሉበትን ጉዳይ መዝለል ተገቢ አይሆንም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላታ፣ ዘፋኞች ከሸክላው ሽያጭ ድርሻ ሊኖራቸው ይገባል ብላ ተነሣች፤ ራፊ ግን ዘፍኜ ዋጋዬን ከተቀበልሁ ጉዳዩ አበቃ የሚል አቋም ያዘ። በዚህ የተነሣ ለጥቂት ዓመታት አብረው አልዘፈኑም፤ በእርስዋ ቦታ ሱማን ካልያንፑር ከራፊ ጋር የዘፈነቻቸው ዘፈኖች የበዙትም ስለዚህ ነው። ራፊን የምወደውን ያህል በዚህ ነገር ላታ ትክክል ነበረች እላለሁ። የእርሱ አቋም ከልግስና የመጣ ነው፤ ገንዘብ ለሌለው ዜማ ደራሲ ለስሙ ያህል አንድ ሩፒ ብቻ ተቀብሎ እንደዘፈነ ይነገርለታል። ነገር ግን የአንድ ለጋስ ሰው ልማድ፣ ስም ለሌላቸው ዘፋኞች ሁሉ ሕግ ሲሆን ጉዳት አለው። የእኛም አገር የካሴት ዘመን ድምፃውያን አንድ ጊዜ ተከፍሏቸው ሥራቸው ለዓመታት ሲሸጥ ያየ ሰው ነገሩን ቀላል አድርጎ አያልፈውም።

ከዱባይ

ጋሼ፣ እርሱስ ልክ ነዎት። ለመሆኑ መጨረሻው እንዴት ነበር? ነጂዎቹ ቀኑ ይዘንብ ነበር ይላሉ።

ሸክላ ሰብሳቢ

በ31 ጁላይ 1980 በልብ ድካም ቦምቤይ ውስጥ ሞተ፤ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነበር። ነጂዎቹ ልክ ናቸው፤ የክረምቱ ዝናብ እየወረደ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሸኝተውታል። በጁሁ የሙስሊሞች መቃብር ተቀበረ፤ በ2010 ቦታ ጠቦ መቃብሩ ለሌሎች ተለቋል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚሄድ አድናቂ የሚያገኘው ድንጋይ የለም። ከመሞቱ ጥቂት ቀን በፊት ለዜማ ደራሲዎቹ ለላክስሚካንትና ፒያሬላል የዘፈነው «አስ ፓስ» ለተባለው ፊልም ሲሆን፣ ምሽቱ ዛሬም ለምን አዘነ፣ ወዳጄ እዚሁ ቅርብ ነህ የሚል አጭር ቁራጭ ነው። አንዳንዶች ትንቢት ያደርጉታል፤ እኔ እንደዚያ አላየውም፤ ለተዋናዩ ለዳርሜንድራ የተዘፈነ የሥራ ቀን ዘፈን ነው፤ ድምፁም ድካም የለበትም።

ጥርጣሬ አለኝ

ትናንት ማታ «ፕያሳ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና አየሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ጭምር ሰማሁት። ሄማንት ኩማርን በዚያች ትዕይንት በማንም አልለውጠውም፤ በዚህ አቋሜ እንደ ጸናሁ ነኝ። ነገር ግን የጭንቅላት አሻሹ ዘፈን ሲጀምር ታናሽ እህቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ይህ ሰውዬ ምን እየሸጠ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ስክሪኑን አላየችውም፤ ሂንዲም አታውቅም።

ሸክላ ሰብሳቢ

ምን ብለው መለሱላት?

ጥርጣሬ አለኝ

ዘይት አልኳት። «ድምፁ ያስታውቃል» ብላ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።